ያለ ዋስ አንለቅም

ልብስ ሰፊው አባ ልክ በሥራ ሰዓት ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው መንገድ ላይ መታየታቸው ራሱን የቻለ ወሬ ነበር። የከተማው ሰው «አባ ልክ» ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ሰፊ ልብስ ሲያስረክብ «ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸው ግን «ልክ ነው!» ብለው ይነግሩሃል፤ ጠበበኝ ካልክ ጥፋቱ የሰውነትህ ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ፣ ኮታቸውን ደርበው፣ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ሳይወርድ፣ እየተጣደፉ ሲመጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ምነው አባ ልክ፣ በደኅና ነው?»

«ምን ደኅና አለ መምህር! ልጄን ይዘዋታል።»

«ማነው የያዛት?»

«እኔ ምን አውቄ! መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ ባለ ሱቁ ጎረቤቴ በር ላይ ብቅ ብሎ፣ ‹ልጅህ ቶሎ ይምጣልኝ ብላለች፤ ያለ ዋስ አንለቅም ብለዋታል› ብሎኝ ሄደ። ሌላውን የመኪናው ድምፅ ዋጠው። እሷ ደግሞ ክር ልገዛ ብላኝ ነው የወጣችው። በክር ሰው ይታሰራል?»

እንዲህ የደነገጠን ሰው ብቻውን መልቀቅ አልሆነልኝም፤ አብሬያቸው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ዝንብ ሲያይ አገኘነው።

«ልጄ እዚህ ተይዛለች አሉኝ» አሉ አባ ልክ።

«አባቴ፣ ዛሬ እዚህ ያለነው እኔና ይሄ ወንበር ብቻ ነን።»

«ደኅና አድርገህ እይ እንጂ!»

«ከወንበሩ ሥር ልይልዎት?»

ስንወጣ እግራቸው መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። «ዋስ» የሚለው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ያቃጨለው ያን ጊዜ ነው።

«ልጅዎ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች?» አልኳቸው።

«ምን ልታደርግ?»

«መጽሐፍ ወደ ቤት ለሚወስድ ሰው ዋስ ይጠይቃሉ። እኔ እንኳን ለከተማው እንግዳ በመሆኔ ዋስ የሆነኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ያለ ዋስ የማይለቁት መጽሐፉን ይሆናል እንጂ ልጅዎን አይደለም።»

መንገዱ መሐል ቆሙ። ልጃቸው አለመታሰሯ ያስደስታቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ እሱ ሲለቃቸው ንዴቱ ተረከባቸው።

«መጽሐፍ! ከሰው ልትዋስ! የእኔ ልጅ!»

ይህን ንዴት አንባቢ እንዲረዳላቸው እፈልጋለሁ። አባ ልክ ከማንም ሰው ምንም ነገር ተውሰው የማያውቁ፣ በዚህም የሚኮሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ሲጥል ከሱቃቸው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ጃንጥላ ላውስህ ቢላቸው፣ «አመሰግናለሁ፣ ዝናቡ ልኬ ነው» ብለው እየበሰበሱ ቤታቸው ገብተዋል። ከዚያ ሦስት ቀን አስነጠሳቸው፤ ግን የማንም ጃንጥላ ቤታቸው አላደረም።

ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ተፈልፍሎ መስኮት ወጥቶለታል፤ ከበሩ አጠገብ በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል፦ ቅዳሜ ጠዋት ለሕፃናት ተረት፣ ሰኞ ነርሷ እርጉዞችን የምታማክርበት ሰዓት፣ ረቡዕ ለአረጋውያን የጋዜጣ ንባብ። አባ ልክ ሰሌዳውን ገፍተውት ሊያልፉ ምንም አልቀራቸውም።

ውስጥ በዕድሜ የገፉ ወንዶችና ሴቶች አግዳሚ ወንበር ሞልተው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጋዜጣ ዘርግታ የምታነበው የአባ ልክ ልጅ ናት። ድምጿ አይጮህም፤ ግን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ ቆም ብላ በቀላሉ ታስረዳና ትቀጥላለች።

«አንቺ!» አሉ አባቷ። «ክሩ ይሄ ነው?»

«እሽ!» አለ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ሳይዞር። ያው ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ዝም በል አባ ልክ! የቧንቧው ውሃ ነገር ላይ ደርሰናል።»

ሌሎቹም «እሽ» አሉ። በሱቃቸው ውስጥ ንጉሥ የሆኑት ሰው እዚህ እንደ ዘገየ ተማሪ በር ሥር ቆመው ቀሩ። ልጃቸው ፊቷ ቢቀላም አላቆመችም፤ የውሃው ወሬ እስኪያልቅ አነበበች። ሰዎቹ «ተባረኪ» እያሉ ሲነሡ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አባ ልክ ጠጋ ብሎ፣

«ካንተ ቤት እንዲህ ያለ የረጋ አንደበት መውጣቱ ይገርመኛል። ያለ ጥርጥር በእናቷ ወጥታ ነው» አላቸው።

አባ ልክ ጀርባቸውን ሰጡት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጣ ወጣት፣ ወንበር ስቦ እንዲቀመጡ ለመናቸው። አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ፣ ስማኝ» አሉት። «እኔ ቤት የተውሶ ነገር ገብቶ አያውቅም። ማበጠሪያ እንኳ ከጎረቤት አልተዋስንም። የሌለን ነገር ይቀርብናል፤ ያለን ይበቃናል። ልጄን ያሳደግሁት እንዲህ ነው።»

«አባታችን፣ እርስዎ የሚሉት የጎረቤት ዕቃ ነው» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ይህ መጽሐፍ ግን የከተማው ነው። የእርስዎም ድርሻ አለበት።»

«የኔ ከሆነ ለምን ዋስ ትጠይቀኛለህ?»

ወጣቱ ሳቅ አለ።

«ጥሩ ያዙኝ። የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። አንዱን መጽሐፍ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው ቢያዩ! ዋስ የምንጠይቀው ወሳጁን ስለጠረጠርን አይደለም፤ ከኋላው ለተሰለፈው ሰው ብለን ነው። አንዱ ወስዶ ቢቀር ሌላው ከማን ይቀበላል?»

«እንግዲያው ቃሉን ቀይሩታ! ዋስ ስትሉ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይሮጣል።»

«አባዬ!» አለች ልጅቷ። «ፖሊስ ጣቢያ ሄድክ?»

«መምህርን ጠይቂ።»

ልትስቅ ጀመረች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሥራህን ጥለህ?» አለች።

አባ ልክ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቷ ቀረብ ብላ ቆመች።

«ዛሬ ያስጠራሁህ ሁሉን ልነግርህ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ክር አልገዛም፤ ክሩን ማክሰኞ ገዝቼ ደብቄ ነው የማሳድረው። እዚህ መጥቼ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ የቀረችኝን ሰዓት ለፈተና አጠናለሁ። የመልቀቂያ ፈተናውን በግል ልቀመጥ ተመዝግቤአለሁ። ፈተናው ደርሷል፤ ሌላውን ቀን ሱቅ ስለምውል መጽሐፎቹን ቤት ካልወሰድኩ አልችልም።»

«ትምህርቱን ማን አስተወሽ? ራስሽ ነሽ።»

«እናቴን ላስታምም ነው የተውኩት። እሷ ስታርፍ ደግሞ አንተ ብቻህን ሆንክ።»

ሰው ሲከራከር በመጀመሪያ የሚያቀርበው ምክንያት ብዙ ጊዜ የልቡ አይደለም፤ የልቡ የሚመጣው ሌላው ሲያልቅበት ነው። የአባ ልክም መጣ።

«እሺ፣ ካለፍሽስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትሄጃለሽ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። መርፌው ውስጥ ክር ማን ያስገባልኛል?»

«የያዝከኝ ለመርፌው ከሆነ ቀድመህ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር!» አለች። አባቷ ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም፤ ይህን ስታይ እሷም ተወችው። «ልሄድ እችላለሁ፣ አባዬ። አልዋሽህም። ብሄድ ግን በር ላይ ጉንጭህን ስሜ ነው የምሄደው እንጂ ክር ልገዛ ብዬ አይደለም። መዋሸት ሰለቸኝ። ለዓይንህ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የዓይን ሐኪም እዚሁ እየመጣች ትመረምራለች። ስምህን ባስመዘግብ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ከአግዳሚው ወንበር በኩል ሳል ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ አልሄደም ነበር። «ይኸው፣ ይህን መነጽር ያዘዘችልኝ እሷ ናት» አለ ወደ አፍንጫው እያመለከተ። «ከዚያ ወዲህ የማንንም ጆሮ አልነካሁም።»

«በፊት ትነካ ነበር?» አልኩት።

«ምላጭ ይዤ ጆሮህን ሸፍን ብዬ አላውቅም፣ መምህር፤ የፈራ ራሱ ይሸፍን ነበር» አለኝ።

አባ ልክ እንዳይስቁ ጢማቸውን ጠራረጉ። ከዚያ አልቀመጥም ያሉት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን አዩአት። የሚያዩት ቁልፍ የምትተክልላቸውን ረዳት ሳይሆን ቅድም ሽማግሌዎቹን ሁሉ ፀጥ አሰኝታ ስታነብ የነበረችውን ሴት መሰለኝ።

«ይሁን» አሉ። «ዋሷ እኔ ነኝ። የት ነው የምፈርመው?»

ወጣቱ ጆሮውን አከከ። «አባታችን... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ‹ዋስ አምጪ› ብቻ ብዬ ሳላብራራላት ቀረሁ። ከወሳጁ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ዋስ አይሆንም። በከተማው ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

«አባቷ ቆሜ?»

«ሕጉን ያወጡት ሰዎች፣ አባትና ልጅ መጽሐፉን ይዘው አብረው ከከተማ ቢጠፉስ ብለው ይሆናል።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ዋስ ልሁን ብል በከተማው የኔ የምለው አንዲት ጎጆ እንኳ የለኝም። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ከመፍቀድ ይልቅ ሌላ ሰው መለመን ለአባቷ እንደሚከብዳቸው ታውቃለች። ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ጣሪያውን ያያል። እኔ ልሁንላት ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። በዝናቡ ቀን አንድ ጊዜ ብሎ ምን እንደተመለሰለት ያውቃላ! እሱን በአባ ልክ ፈንታ ልለምነው አሰብኩና ተውኩት። አንዳንድ ቃል ባለቤቱ ካልተናገረው አይሠራም።

አባ ልክ ተነሡ። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ምንም ያልተጣመመ ነገር ባይኖረውም። አግዳሚው ወንበር ዘንድ ሄደው ቆሙ።

«ስማ» አሉ።

«እየሰማሁ ነው።»

«አንድ ነገር... አንድ ነገር ታውሰኛለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን ቀስ ብሎ አጠለቀ። «አንተ? ከኔ? ምን?»

«ስምህን።»

ሰውየው ብዙ ሊቀልድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ አፉም ለቀልድ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን የጓደኛውን ፊት አየና ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ሄዶ ፈረመ። ብዕሩን ሲያስቀምጥ ብቻ፣

«መቼ ትመልስልኛለህ?» አለ።

«ልጄ መጽሐፉን ስትመልስ» አሉ አባ ልክ። ልጃቸውም መጽሐፎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ከፊታቸው ቀድማ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን እንደ ጎረቤት አይቻለሁ። ኃላፊው ከደንቡ ወረቀት ላይ «ዋስ» የሚለውን ቃል ፍቆ «አደራ ተቀባይ» ብሎ ጻፈበት፤ ፖሊስ ጣቢያ የሮጠ ሌላ ሰው የለም። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ሐኪም ፍለጋ ሌላ ከተማ ድረስ መመላለሳቸው ቀረ። ሱቅ የሚውሉ ወጣቶች የትምህርት መጽሐፍ ቤታቸው እየወሰዱ ያነባሉ፤ እናቶች ከነርሷ ጋር ተማክረው ሲጨርሱ ልጆቻቸውን ተረት ሊያሰሙ ይቆያሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔ የማስበው ይህን ነው፤ ምንም ከማንም የማይዋስ ሰው ራሱን የቻለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ማንም በሩን እንዲያንኳኳ ምክንያት አይተውም። የተዋሰ ሰው ለመመለስ ይሄዳል፣ ሲመልስ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ይጨዋወታል። ከተማ የሚባለው ነገር የሚሠራው በዚህ መመላለስ ነው። ይህንን ለልጆቻችን ብናስተምር አናፍርም።

ልጅቷ ለፈተና በተቀመጠችበት ሳምንት ረቡዕ አንባቢ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሊበተኑ ሲነሡ አባ ልክ አዲሱን መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ፊት ወጡና ጋዜጣውን ዘረጉ። አነባበባቸው እንደ ልጃቸው አይፈስም፤ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ነው።

«ፈጠን በል፣ ሊመሽ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሽ!» አሉት እሳቸው።

አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዘለውት ቢያልፉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አግዳሚ ወንበሩን ሁሉ ተመለከቱ።

«ይህቺን ቃል አላወቅኋትም» አሉ። «ከናንተ የሚያውቃት አለ?»