ለአንድ ወለል የተቆረጡ እግሮች

...ደርቋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ እጁን ካሳረፈበት በኋላ ነው።

የሽኝቱን ንግግር ከዚያ ልጀምር። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ ነበር። ትናንት ስቀባ ስፈልግ ዋልኩ፤ የትኛውም ወደዚያች እጅ ይመልሰኛል። እኔ ዓብዱልናስር፣ የዚህ ወርክሾፕ ቫርኒሽ ቀቢ፣ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ቀብቼ ጨርሼ ፊቴን በውስጡ እያየሁ ነበር። በሩ ተከፈተ። በአሰብ ሰኔ ጋቢ የለበሰ ሰው ገባ። ጋቢ! እኛ ቆዳችንን ገፍፈን ምስማር ላይ መስቀል በሚያምረን ወር።

«ሰላም ዓለይኩም» አልኩት። «ማን ሞቶብህ ነው?»

«ማንም አልሞተ። ማታ ይበርድ ይሆናል ብዬ ነው።»

እንዲህ እያለ መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ። «አዲሱ አናጢ ነኝ፤ ደስታው እባላለሁ። ደርቋል ወይ?»

አምስት ጣት ታተመበት። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም።

የጣጣው ሁሉ መነሻ ግን ማዳም ናት። የፈረንጁ መሐንዲስ ሚስት አንድ ቀን ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል ይዛ መጣች። በሥዕሉ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ የተፋቀ፣ የተቦረቦረ፣ እግሮቹ ኖራ የነካቸው። የቀባሁላትን ሌላ ጠረጴዛ፣ የሚያብረቀርቀውን፣ እንዲህ አድርጉልኝ ትላለች። አለቃችን አቶ መርሻ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት።

«ምን ሆኖ ነው? ከክሬን ወድቆ ነው?»

በጣሊያንኛ ጠየቋት። መለሰችላቸው። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«የገበሬ ቤት ጠረጴዛ ነው ትላለች።»

«የቱ ገበሬ?» አልን በአንድ አፍ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? መንዝ ተወልጄ አድጌ ገበሬ ቤት ጠረጴዛ አይቼ አላውቅም።»

ደስታው እስከዚያ ሥዕሉን ያይ ነበር። «የኛ ቤት እንዲህ ነው» አለ።

«እናንተ ቤት ጠረጴዛ ነበር?»

«አልነበረም። ቢኖር ግን እንዲህ ነበር።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ክርናችሁን ያሳረፋችሁበትን ነገር እዩት። እኔ እቀባለሁ፣ እሱ በሽቦ ቡሩሽ ይፍቃል። በመልሕቅ ሰንሰለት ይገርፈዋል። በምስማር ይወጋጋዋል፣ በጥቀርሻና በሰም ያሸዋል፣ እግሮቹን ኖራ ያለብሳል። መሥሪያ ቤቱ ለሁለታችንም ደመወዝ ይከፍላል። የእንግዳ ማረፊያው አይቶ አማረው። የሠራተኞች ክበቡም «ለኛስ?» አለ። በኋላማ አሰብ ውስጥ አዲስ ጠረጴዛ ያለው ሰው እንግዳ ሲመጣበት አንሶላ ይጥልበት ጀመር።

ስለሺ እዚህ አለህ? አለ። አትደበቅ። ስለሺ ወደብ ላይ የተጎዳ ዕቃ መርማሪ ሆኖ በመጣ ሰሞን ነው፤ ደስታው የጨረሰው ጠረጴዛ በር ላይ ቆሞ መኪና ይጠብቃል። ስለሺ አየው። ማራገፉን አስቆመ። «ይህን ያህል የተጎዳ ዕቃ በዕድሜዬ አላየሁም! የማን መርከብ ነው?» ማንም ሳይነግረው ወደቡ ላይ የቆመችው መርከብ ላይ ዘሎ ወጣ። ካፒቴኑን አፋጠጠው። እና ካፒቴኑ... ወላሂ፣ ካፒቴኑ አመነ! «ማዕበል ነበር» አለ። «በጣም አዝናለሁ» አለ። ከራሱ ክፍል አዲስ ጠረጴዛ አስወርዶ ካሠ። የሚያምር ነበር፤ እኔ ራሴ እንደዚያ አልቀባም። ደስታው ዞር ዞር ብሎ አየው፣ «እግዜር ይስጥልን» አለና ሰንሰለቱን አነሣ።

ካፒቴኑ ከመርከቡ ላይ ያይ ነበር። ምን ብሎ እንደሄደ አስባለሁ፤ አንዳንዴ።

የፍየሎቹን ነገር ደግሞ ሑመድ ቢያወራው ይሻል ነበር፤ ግን እዚያ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል። ከደባይሲማ ፍየሎቹን ይዞ ለገበያ ወርዷል። ደስታው መንገድ ላይ ያዘው።

«ፍየሎችህን አንድ ከሰዓት አውሰኝ።»

«ለምን?»

«ጠረጴዛ ላይ እንዲወጡ።»

ሑመድ ብዙ አሰበ። «ቋሚ ሠራተኛ ይሆናሉ ወይስ ጊዜያዊ?»

ወጡ። ጨፈሩበት። አቶ መርሻ በመስኮት ብቅ ብለው አይተው መስኮቱን መልሰው ዘጉ። ያን ጊዜ፣ ከድርቁ በፊት፣ ሑመድ ፍየል ነበረው።

እና እግሮቹ። የክበባችን ታደለች ሾርባ ስታቀርብ ሾርባው ሁልጊዜ ወደ አቶ መርሻ ይሄዳል። ሌላ ጠረጴዛ ብትቀይርላቸውም ይሄዳል። አሰብ ውስጥ ያለ የደስታው ጠረጴዛ ሁሉ በአንድ በኩል ያዘነብላል፤ አንድ እግሩ ያጠረ ነው። ታደለች አንድ ቀን ጭልፋዋን እንደያዘች ወርክሾፕ ድረስ መጣችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሜትር የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ይሄ እግር ምነው አጠረ?»

«ከምሰሶው ወዲያ ወለሉ ከፍ ይላል።»

«የቱ ወለል?»

«የኛ ቤት።»

ታደለች ጭልፋዋን ዝቅ አደረገች። ታደለችን ጭልፋ ያስወረደ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሁላችንም የዚያን ቀን ነው የገባን። ይህ ሰው የሚሠራቸውን ጠረጴዛዎች ሁሉ እግራቸውን የሚቆርጠው አንድ ወለል እያሰበ ነው። እዚያ ላይ ቢያኖሯቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እኛ እዚህ፣ ባሕሩ ዳር፣ በሰው ቤት ወለል ልክ በተቆረጠ ጠረጴዛ ላይ እንበላለን። ስንት ጊዜ ካርቶን አጥፌ እግሩ ሥር ወተፍኩ። ሲያየኝ ያወጣዋል። 

አሁን ቁም ነገር ልናገር።

ደስታው፣ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ሥራውን የሚያይለት የለም። ሰው ጠረጴዛው ውስጥ የራሱን ፊት ያያል፣ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ይሄዳል። አንተ ግን ስትፍቀው እያንዳንዷን ቦታ አየህ። «እዚህ ጋ ሁለቴ ደርበሃል፤ ሐሳብህ የት ነበር?» ትለኛለህ። ባለቤቴ ሐስና የታመመችብኝ ሰሞን ለማንም አልተናገርኩም። ተጎንብሰህ ስትፍቅ ቆየህና፣ ቀና ሳትል፣ «ቤት ሰላም ነው?» አልከኝ። ማታ መጥተህ ደጄ ላይ ተቀመጥክ። ሌላም ቀን መጣህ፤ እሷ ከአልጋ እስክትነሣ ድረስ። ምን እንዳወራን አላስታውስም። ያወራን አይመስለኝም።

አመሰግንሃለሁ። ይኸው፣ አልኩት።

ከነገ ጀምሮ የቀባሁት እንደተቀባ ያድራል። ይህን ሳስበው እጄ ግራ ይገባዋል። የማይፋቅ ነገር እንዴት ነው የሚቀባው?

የደስታው መኪና ነገ ጠዋት ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ወሎ። ሾፌሮቹ ዘንድሮ ከዚያ ሲመጡ በመንገዱ ዳር ስላዩት ሰው የሚያወሩትን ሰምተናል፤ ዛሬ አልደግመውም። የአባቱ ቤት አለ ብሎ የነገረው የለም። የለም ያለውም የለም። አቶ መርሻ «እዚሁ ሁን፣ ወርክሾፑ ጥግ አለው» አሉት። ምስማር መልቀሙን ቀጠለ። «ለሽኝትህ ምን እንስጥህ?» ስንለው ግን አፍታ አልቆየም፤ «ያችን የመጀመሪያዋን ጠረጴዛ። እሷን ሳልይዝ አገሬ አልገባም» አለ። ያቺ እጁ የታተመባት ጠረጴዛ። አንዱን እግር ራሱ አሳጠረው። ከዚያ፣ ስሙኝ፣ እዚህ ከመጣ ጀምሮ የኔን ቫርኒሽ ሲፍቅ የኖረው ሰው መጥቶ፣

«ቀባልኝ» አለኝ። «እንደዚያ ቀን። ፊት የሚያሳይ አርገህ።»

ቀባሁለት። ያቻት በሩ አጠገብ።

አንዴ ቀባሁ። ሳይደርቅ ደገምኩ። ሳይደርቅ ደረብኩበት። ጓደኞቼ፣ የአሰብን እርጥበት ታውቁታላችሁ። ይህ ጠረጴዛ ነገ ጠዋት አይደርቅም። ከነገ ወዲያም አይደርቅም። ያልደረቀ ነገር መኪና ላይ አይጫንም፤ እሷን ሳይዝ አልገባም ያለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። እንዲህ አድርጌ ነው የቀባሁት።

አትየኝ እንዲህ። ጥግ አለ ተብለሃል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። የብርቱካን አራንቻታ የያዘም፣ ሌላ የያዘም። ታደለች፣ ጭልፋውንም ቢሆን አንሺ። ደስታው፣ ስትሄድ፣ መሄድህ ካልቀረ፣ ወለሉ ባለበት ይቆይህ። ከምሰሶው ወዲያ ከፍ እንዳለ ያግኝህ። ጠረጴዛህ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሾርባህ ወደማንም አይሂድ። ማታም ይብረድህ፤ ጋቢው ሥራ ያግኝ። እኛንም...

ተነሣ እኮ። ቁጭ በል እንጂ፣ አልጨረስኩም። ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አነሣው። እዩት፣ በዚህ ሙቀት ሊለብሰው ነው። ለበሰው። አሳልፉት፤ ጠረጴዛውን ሊያይ ነው። ደስታው፣ እጅህን አደራ፣ እጅህን...

«ደርቋል ወይ?»

አልደረቀም። አሳርፈህበታል እኮ። አልደረቀም።

ወዴት ነው? ደስታው፣ ብርጭቆው እጃችን ላይ ነው...

ጠረጴዛዋን ከአምስት ጣቱ ጋር ትቶ በሩን ዘጋው።