ዶን ፊደንሲዮ እርሳሳቸውን እንዴት እንዳስቀመጡ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከዳቦ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ ዶን ፊደንሲዮን ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ከከተማችን ከሳን በርናቤ የሚወጡበት ምንም ምክንያት እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በአስር ሰዓት ስልክ ይጠብቃቸዋል፤ ስልኩ የሚደወለው ደግሞ እኔ ቤት ነው።

ከተማችን ያላት ስልክ አንድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ የጠመኔው ብናኝ ደረቴን ሲያስቸግረኝ፣ ሥራውን ትቼ ስልክ ቤት ከፈትኩ። ሲደወል ጣሪያዬ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የተፈለገውን ሰው በስሙ እጣራለሁ፤ እሱም የሳሙና አረፋ እጁ ላይ እንዳለ እየሮጠ ይመጣል።

የዶኛ ኢግናሲያ ልጅ ሴልሶ ካናዳ ቲማቲም ለቀማ ሄዶ፣ ሥራው አልቆ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ከተሳፈሩ በኋላ ዕቃ ሊያደርስ የወጣበት መኪና ተገለበጠ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ዶን ፊደንሲዮ በመዝገበ ቃላት ሁለት ቀን ሠርተው አንድም ስሕተት በሌለው ስፓኒሽ ተረጎሙት፤ ልጁ በሕይወት አለ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስለገባ አይናገርም፣ አንዲት ነርስ ማክሰኞ ማክሰኞ በአስር ሰዓት ትደውላለች። ነርሷም ቃሏን ጠብቃ አራት ጊዜ ደወለች። አራቱንም ጊዜ ዶን ፊደንሲዮ ስልኩን አንስተው፣ አንዴ ሁለቴ አጉረምርመው፣ "መስመሩ መጥፎ ነው" ብለው ዘጉት።

"ወዴት ነው፣ መምህር?" አልኳቸው።

"አፒሳኮ ከተማ ደረስ ብዬ ልምጣ። ጥርሴን ላሳይ።"

"የትኛውን ጥርስ? አምና ሁሉንም አስነቅለው ሰው ሠራሽ አስገብተው የለም እንዴ?"

"ድዴን ማለቴ ነው።"

"አበልጅዎ ዶኛ ኢግናሲያ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ንጹሕ ሻሏን ደርባ አሁን እኔ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እርስዎ ድድዎን ሊያሳዩ ይሄዳሉ።"

"መስመሩ መጥፎ ነው እኮ፣ ዶኛ አውሬሊያ። ብኖርስ ምን ልፈይድ?"

"ይስሙኝ" አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ አጠገባችን ሁለት ሽንኩርት ነጋዴዎች ነበሩ። "ባለፈው ማክሰኞ ከዚያው መስመር ጓዳ ውስጥ የተቀጠለውን ስልክ አንስቼ አዳመጥኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ከፈለጉ ለቄሱ ይንገሩብኝ። ሴትዮዋ እዚያ ማዶ ሳይሆን ጓሮዬ ቁማ የምታወራ ነበር የምትመስለው። መስመሩ ምንም አልሆነም።"

ዶን ፊደንሲዮ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጠርዙን በጣታቸው ዞር ዞር አደረጉት፤ መልሰው ደፉት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ። ታናሽ እህቴንም አስተምረዋታል። እሷም አትችልም።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በእንግሊዝኛ አናግሮኝ አያውቅም። ወረቀት ላይ ቃሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያቺ ሴትዮ ግን አትጠብቅም። የመጀመሪያዋን ቃል በልቤ ወደ ስፓኒሽ ሳዞር እሷ አሥረኛዋ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ሁሉም ጩኸት ይሆንብኛል።"

"ታዲያ 'አልገባኝም፣ ቀስ በይ' ማለት ምን ይከብዳል?"

"እኔ ነኝ ይህን የምለው? አበልጄ ፊቴ ቆማ እያየችኝ? ሴልሶን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። አፒሳኮ ሆቴል የሚሠራ አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ይችላል ሲሏት 'አበልጄን አላስቀይምም' ብላ እምቢ ያለችው በእኔ ተማምና ነው።"

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እኔን የሚያሳብደኝ አለማወቅ አይደለም፤ አለማወቅማ እኔም ሞልቶኛል። የሚያሳብደኝ ሰው ክብሩን ለመጠበቅ ሲል የሌላውን ልጅ መሥዋዕት ሲያደርግ ነው። ይህችን እናት አራት ሳምንት ሙሉ በአንዲት ቃል ሸኝቷት ማታ ተኝቶ የሚያድር ሰው እንዴት ያለ ነው? ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

"አልተኛሁም" አሉ። "ደግሞ ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ሰዋስዉን ከመጀመሪያው ገጽ እየከለስኩ ነው።"

"ሰዋስዉማ እስከ አንገትዎ ሞልቷል። ለጆሮዎ ምን አደረጉለት?"

"ጆሮ ከዓይን በኋላ ነው የሚመጣው። ሰው መጀመሪያ ቃሉን ይጽፋል፣ ከላዩ በእርሳስ ትርጉሙን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያጠናዋል። እኔ የተማርኩት እንደዚህ ነው።"

"መጽሐፍዎን አይቼዋለሁ፤ ከእርሳሱ ብዛት ገጹ ጠቁሯል። እርስዎ እንግሊዝኛውን ሳይሆን ከላዩ የጻፉትን ስፓኒሽ ነው የሚያነቡት። ቦሎቄ አንድ በአንድ ሲለቅሙ ውለው ድስቱን ሳይጥዱ ይመሻል።"

"የማላውቀውን ቃል ዝም ብሎ ማለፍ ግድየለሽነት ነው።"

"ይሁን። እኔ አሁን ያለሁበት ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ከጥንቱ የአገሬው ቋንቋ ከናዋትል በቀር አንድ ቃል አይናገሩም ነበር። ማን እርሳስ ሰጠኝ? ቦሎቄ ሲቀቅሉ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ሲቆጡ ለየሁ፤ ከዚያ 'ውሃ'ን፣ 'እሳት'ን፣ 'አምጪ'ን ያዝኩ። የቀረውን ከሁኔታው እገምታለሁ፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፤ በነጋታው ደግሞ አዳምጣለሁ።"

"በስንት ጊዜ ገባዎት?"

"በሦስተኛው ወር ቀልዳቸው ገባኝ። ስለ እኔ ነበር።"

ሊስቁ ቃጣቸው፣ ግን ተዉት። "እርስዎ ያኔ ሃያ ዓመትዎ ነበር። እኔ ስልሳ ሰባት ሞልቶኛል። እንደ ሕፃን ቁጭ ብዬ ልስማ?"

"ሕፃን እንኳ እንደ እርስዎ ባዶ እጁን አይጀምርም። ቃላቱ ሁሉ ጭንቅላትዎ ውስጥ አሉ። የጎደለው በየቀኑ መስማት ነው፤ ሌላ አይደለም።"

አውቶቡሱ መጣ። እሳቸው አውቶቡሱን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንድ ሳምንት ይስጡኝ" አሉ። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ "የሚመጣው ማክሰኞ፣ እባክሽን" የሚለውን እንግሊዝኛ በእኛ አነባበብ ጽፈው ሰጡኝና ተሳፈሩ። ተሳፈሩ እላችኋለሁ፤ እግሬ አውጪኝ ብለው።

በአስር ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል የማላውቀው ሴትዮ ወረቀቱን አንብቤ ጮክ ብዬ አልኩት። ነርሷ ገባት፤ ደግማ ደጋግማ እሺ አለችኝ። ለዶኛ ኢግናሲያ እውነቱን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ "የሚመጣው ማክሰኞ ነው" ብቻ አልኳት። ሻሏን ሰብስባ አመስግናኝ ወጣች። ማመስገኗ ነው የባሰብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ዶን ፊደንሲዮ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ ሳጥን ካሴት ተሸክመው መጡ። መንግሥት ከመጽሐፉ ጋር የላከው ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ላስቲኩ አልተቀደደም። "ለምን?" ስላቸው "ክፍሉን ያውካል ብዬ" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ ዛሬም አንነጋገርም ነበር።

ሥርዓቱን እኔ አወጣሁ። እርሳሱን ተቀበልኳቸውና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠዋት አንዱን ሩብ ሰዓት ያህል ንግግር ወረቀት ሳያዩ ይሰማሉ፤ ከዚያ ጽሑፉን ሳያቆሙ አንዴ ያነባሉ፤ ከዚያ ያንኑ መልሰው ይሰማሉ። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን በእንግሊዝኛ የሚመጣውን የራዲዮ ወሬ፣ የአየሩንና የመንገዱን፣ ገባቸው አልገባቸው ያዳምጣሉ። ማታ ደግሞ በየቤቱ ያለውን እንግሊዝኛ፣ የዘር ከረጢቱንም የመድኃኒት ማሸጊያውንም፣ ያለ መዝገበ ቃላት ያነባሉ።

ስንት ጊዜ አናደዱኝ! የመጀመሪያው ቀን የራዲዮ ተናጋሪውን ሰዋስው ሲያርሙ ዋሉ። ሐሙስ ዕለት "ይህ ሰውዬ ቃላቱን ግማሽ ግማሹን ይውጣል" ብለው ካሴቱን ዘጉት።

"እኛስ ልጆቻችንን ስንጣራ አንውጥም?" አልኳቸው። "ይክፈቱት።"

"አሁንም ከአምስት አንዱን ነው የያዝኩት።"

"ትናንት ከአሥር አንዱን ነበር።"

ዓርብ ዕለት የፋክስ ማሽኔን መመሪያ ሲያነቡ ቆዩና ቀና ብለው፣ አራት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን የምናስገባው ገልብጠን እንደሆነ ነገሩኝ። ቅዳሜ ደግሞ፣ እኔ ቆጣሪ ላይ ሆኜ እሳቸው ራዲዮ አጠገብ ተቀምጠው፣ ድንገት ሳቁ። በረዶ ውስጥ መኪናው ተቀብሮበት የጎረቤቱን መኪና ሲቆፍር ስለዋለ ሰው ነው የሚወራው። ስቀው ሲጨርሱ ደነገጡ።

"ዶኛ አውሬሊያ፣ አልተረጎምኩትም" አሉ። "ገባኝ እንጂ አልተረጎምኩትም። ይህንን ሠላሳ አንድ ዓመት ከተማሪዎቼ ደበቅኩባቸው ማለት ነው?"

"ማለት ነው" አልኩ። ልራራላቸው ይገባ ነበር፤ አልራራሁም።

ማክሰኞ በአስር ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ዶኛ ኢግናሲያ ከአግዳሚው ተነሣች። ዶን ፊደንሲዮ ስልኩን አንስተው ተናገሩ፤ በኋላ እንደነገሩኝ "እንግሊዝኛዬ ከመጽሐፍ የተማርኩት ነው፣ አልገባኝምና ቀስ በይልኝ" ነበር ያሉት። አዳመጡ። "አልገባኝም" አሉ ደግመው፣ አበልጃቸው እያየቻቸው። አዳመጡ። በሦስተኛው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ስልኩን ከጆሮአቸው አንስተው ለእናትየው ዘረጉላት።

"እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም" አለች ዶኛ ኢግናሲያ።

"እንግሊዝኛ አይደለም። ሴልሶ ነው። መናገር አይችልም፣ ግን ይሰማል። ነርሷ እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጋለታለች። 'እናቱን አቅርቡልኝ፣ ድምፅዋን ይስማ' ነው የምትለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትለው ይህንኑ ነው።"

ዶኛ ኢግናሲያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስለ ቡችላው፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ እህቱ ማርገዝ አወራችው። እኔና ዶን ፊደንሲዮ ወደ ጓዳ ገባን። ስትጨርስ ነርሷ መልሳ ዶን ፊደንሲዮን ፈለገች፤ እሳቸውም ሰምተው "ዓይኑን ገልጦ ሲሰማሽ ነበር፤ የነርሷን ጣት አጥብቆ ይዟል" ብለው ነገሯት። ከዚያም ሳትጠይቃቸው፣ መስመሩ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ተናዘዙ።

እንግዲህ የጥቅሙን ነገር ልናገር። ዛሬ እኔ ቤት ማታ ማታ አሥራ አራት ሰው ካሴት ይሰማል። ካናዳ የሚሄዱት ልጆች የተባይ መርዙን ጠርሙስ ሳይከፍቱ ያነቡታል፤ አሠሪው ሲቆጣና ሲያስጠነቅቅ ይለያሉ፤ ያልገባቸውን አልገባኝም ይላሉ። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው በቀን አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜና ትንሽ አለማፈር ነው። ያላመነ መጥቶ ይይ።

ዶን ፊደንሲዮ ግን አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይህን ጥቅም አይዘረዝሩም። የሚነግሩት ያን ቀን ዶኛ ኢግናሲያ የመለሰችላቸውን ነው። አልጮኸችባቸውም። ሻሏን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ እንዲህ አለቻቸው፦

"አበልጄ፣ አራት ጊዜ ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋበት። ልጄ የምዘጋበት እኔ መስዬው ነበር።"