ሃያኛው ፈራሚ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እትዬና ልጆች፣ ብየዳ ቤት አብራችሁት የሠራችሁ ወንድሞቼ፣ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መጥተው ከኋላ የቆሙት ጌታዬም፤ ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ብዙ አላቆማችሁም።

ጋሼ መነጽርን ልንሸኝ ነው የመጣነው። የብየዳው እሳት ዓይኑን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ያን ጥቁር መነጽር አውልቆ አያውቅም። አሁንም አድርጎታል። ባለቤቱ እትዬ «ያለሱ ማን ያውቀዋል?» ብላ ነው።

ምን ነበር የፈለገው? ማኅበር። ዓይናቸው የተጎዳ በያጆች ማኅበር። ብቻህን ሆነህ «የፊት መከላከያ ስጡን» ስትል ትባረራለህ። ሃያ ሆነህ ስትል... አላውቅም። ሃያ ሆነን ጠይቀን አናውቅም።

ሕጉ ሃያ መሥራች ይላል። የምዝገባው ወረቀት ሳይወጣ ከሃያው አንዱ ከሞተ፣ ማመልከቻው ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ ተሰርዞብናል። ሁለት ጊዜ ከቀብር ተመልሰን ከአንድ ጀምረናል። በሦስተኛው ማመልከቻ ሃያኛው ፈራሚ ጋሼ ነበር።

ሕጉ ይሻሻል ተብሎ መንግሥትና ማኅበራት አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ፣ ጋሼ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዘ። ስድስት ዓመት ያዛት። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አራተኛው ኃላፊ ተሹመው የመጡ ቀን «እስቲ ራሳችንን እናስተዋውቅ» አሉ። ተራው ደረሰው። «ጌታዬ፣ እኔ ያው የድሮው ነኝ። አዲሱ እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይጀምሩ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊውም ሳቁ። ሳቁና ውይይቱን እንደ አዲስ ጀመሩት።

የሚጠይቀው አንዲት መስመር ነበር። «የሞተው መሥራች በሌላ ይተካል» የምትል። በስንት ጭቅጭቅ ረቂቁ ውስጥ ገባች። እጁን ይዤ መስመሯ ላይ አሳረፍኩለት። ጣቱን አላነሳም። ገጹን መግለጥ ነበረብኝ፣ ግን አላነሳም።

ከዚያ... ልንገራችሁ? በመጨረሻው ዙር ማኅበራቱን ወክዬ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ማኅበር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይዘጋ የሚለውን አንቀጽ ልናጣው ነው። «አንዱን ተዉና አንዱን ውሰዱ» ተባልን። የጋሼን መስመር ተውኩ። ከእንግዲህ ወረቀት ሲጠብቅ ማን ይሞታል ብዬ። ትልቁን ያዝኩ። ትልቁም አንቀጽ ምክር ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ነገርኩት። ግድግዳውን ተደገፈ። በኋላ «በቃ ልጄ፣ እኔም አልሞትማ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ብቻውን መንገድ መሻገር ተወ። ጨው ተወ። እትዬ «ሠላሳ ዓመት ለምኜው እንቢ ያለኝን ክኒን ለማመልከቻ ሲል ይውጠዋል!» ትል ነበር። ትስቃለች፣ ደግሞ ትቀናለች።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ሞተ። ወረቀቱ የተቀጠረው ለሰኞ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከመካከላችን አንድ ሰው «እስከ ሰኞ ባናወራውስ?» አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም ብዬ ነበር። እኔ ነኝ። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። «አንዴ ሸጥከው። አሁን ደግሞ ልትደብቀው?» አለች።

ከኋላ የቆሙት ጌታዬ፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ሕጉን እርስዎ አላወጡትም። ሰባተኛው ኃላፊ ነዎት መሰለኝ፣ ስምዎን ገና አልያዝኩም። ሰኞ ፋይሉን ሲዘጉ ቀስ ብለው ይዝጉት። ሌላ የምለምንዎት የለኝም።

«ትግሉ ይቀጥላል» እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። ከየት ላምጣው? የምናውቀው ሃያኛ ፈራሚ እንደሚያስፈልገን ነው። ዕድሜው ያልገፋ፣ ደረቱ ጤና የሆነ። ሃያ ዓመት የብየዳ ጭስ ከሳበ ሰው መካከል ጤነኛ ደረት! ቅድም ስናገር የአንድ ሰው ሳል ሰማሁ። ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እንዲህ ነው የሆንነው፤ ወንድማችን ሲያስል የምንቆጥር።

ጋሼ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። «ራስህን አስተዋውቅ» ይሉታል። ስለ አንተ የሚነግራቸው አይኖርም።

አልሞትም ብለኸኝ ነበር። ቃል ያፈረስከው አንተ አይደለህም።

ደህና ሁን፣ ጋሼ መነጽር። ጣትህን ከመስመሩ ላይ አንሳው። እዚያ ምንም አልተጻፈም።