ለአንድ ቃል አሥራ አንድ ቀን

እትዬ፣ ዛሬ የመጣው የመጽሐፍ መስፊያ ክር እንዴት ነው? ከባለፈው ሳይሻል አይቀርም። ያኛው እኮ ገና ስፌት ሳይጀምሩበት ይበጠስ ነበር… አይ፣ በሩን ተዉት፣ አይዝጉት፤ የሙጫው ሽታ ይውጣልን። ወዲያኛው ክፍል ያለ ሰው ቢሰማንስ ምን ይለናል? ሰው አላማንም… እያመሰገንን እኮ ነው።

እኔ የተማረ ሰው ደስ ይለኛል። አንድ ትልቅ ሰው አውቃለሁ፤ የት እንደሚሠሩ ይቅርብዎ። ያለ እሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ከዚህ ቤት… ከመሥሪያ ቤታቸው ማለቴ ነው… አንድ ደብዳቤ አይወጣም። እና የወረቀት መቁረጫ ማሽናቸው ላይ፣ እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው ብረት ተሰበረ እንበል። እንበል ነው ያልኩት! መለወጫው የሚመጣው ከውጭ፣ ከፋብሪካው ነው። አንዷ አራሚ ሰግተናል ለማለት «ዎሪድ ነን፣ ቶሎ ላኩልን» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ሁለት መስመር።

እሳቸው አነበቡና ምን አሉ መሰልዎ? «ዎሪድ፣ እናት ልጇ ሲያመሽባት የምትለው ነው። ድርጅት ኮንሰርንድ፣ ጉዳዩ ያሳሰበው ነው የሚሆነው።» እውነታቸውን ነው! እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቋንቋ ተምሬ ይህን የነገረኝ የለም። በማግስቱ «ኮንሰርንድ ብቻውን ቀዘቀዘብኝ» ብለው «ዲፕሊ»፣ በጥልቅ ለማለት፣ ጨመሩበት። በሦስተኛው ቀን «ዲፕሊ በዛ፣ የደነገጥን ያስመስለናል» አሉ። መደንገጥ እኮ ለእንደሳቸው ያለ ሰው አይመጥንም… ከዚያ ተጨንቀናል ለማለት «አንክሸስ»ን ሞከሩ። መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ቅዳሜ ደረሰ፤ እሑድ ደግሞ ማን ይሠራል? «እስከዚያው ሥራ አይቁም» ብለዋል፣ ለሥራም ቢሆን ይሳሳሉ። ለአንድ ቃል አሥራ አንድ ቀን የሚታገሥ ሰው አይተው ያውቃሉ?

ማሽኑ ግን ትዕግሥት ከየት ያምጣ፣ እትዬ… እንግሊዝኛ አልተማረ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ መልስ፣ የቆራጩን፣ የጋሼን ሁለት ጣት ወሰደ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ቆመው ወረቀት የቆረጡበትን እጅ።

እሳቸው ግን ወዲያው ነው ወረቀት ያነሱት፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ለጋሼ የማጽናኛ ካርድ እየጻፉላቸው ነው። በእንግሊዝኛ። አዝናለሁ ለማለት «ሶሪ» ይሻላል ወይስ «ሪግሬት»፣ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ጋሼም ሆስፒታል ተኝተው ይጠብቃሉ። ጣቱ እንደሆነ አንዴ ሄዷል፣ ምን ያስቸኩላል?

ከነገ ጀምሮ በጋሼ ቦታ ባለቤትዎ ይቆማሉ አሉ… ትናንት ትእዛዙ ሲነበብ መርፌዎ እጅዎ ላይ ቀጥ ሲል አይቻለሁ። አይዞዎት። አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ፣ ልንገርዎ። ዛሬ ጠዋት ያንን የመጀመሪያውን፣ ያልታረመውን፣ «ዎሪድ» የሚለውን ደብዳቤ በኢሜይል ላክሁት። የሻይ ሰዓት ሳይደርስ መልስ መጣ፦ «ብረቱን ነገ እንልካለን። እስኪደርስ ማሽኑን አጥፉት። ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?» ስለ ቃሉ አንድም ያነሱት ነገር የለም። የፋብሪካው ሰዎች እንግሊዝኛቸውን ረስተው መሆን አለበት።

መልሱን አትሜ የማሽኑ ማስነሻ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ያለው መጥቶ ያርመው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብኛል መቼም… ይጻፍ። እሱ ታርሞ እስኪያልቅ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።

ብቻ ለእኒያ ትልቅ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ እትዬ። አሜን ይበሉ እንጂ… ጮክ ብለው! ክፉ ቀን አይንካቸው። ድንገት ከነካቸውም… እሳቸው ለጋሼ እንደተጨነቁላቸው አድርጎ፣ ቃል እየመረጠ የሚጨነቅላቸው ሰው አይጡ።