የሙሽራው ጥርስ

አውቶቡሱ ከዓኽርያ ሰፈር ሲነሳ፣ እሁድ የሚያገባ ወጣት የተሰበረ የፊት ጥርሱን አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ሲያሳይ ከኋላቸው ተቀምጬ አየሁ።

«ይነቀላል?»

«አይነቀልም፣ አደይ። ሥሩ ታክሞ ድኗል። ሐኪሙ ከመስታወት ቃጫ የተሠራ ቀጭን ዘንግ ሥሩ ውስጥ በሲሚንቶ ያጣብቃል፤ ጥርሱ በዚያ ላይ ይሠራል።»

«ሲሚንቶ? እንደ ቤት?»

«እወ፣ እንደ ቤት። ግን እርጥበት አይወድም። ትናንት ሊያጣብቅ ሲል አንድ ሽማግሌ ገብተው ‹ከመይ ውዒልኩም› አሉ። መለስኩላቸው።»

«አፍህን ከፍተህ ተኝተህ?»

«ታዲያ ሽማግሌ ሰላም ሲሉ ዝም ይባላል? ምራቅ ገባና ሥራው ተበላሸ።»

«አሁንስ?»

«ዛሬ እንደገና ይሞክራል። በሩን ቆልፌ ነው የምሠራው ብሏል።»

እናትየው ሳቁ። «አይዞህ፣ ወደይ። ሥሩ ካለ ይቆማል። እሁድ እስኪበቃህ ሳቅ!»

እኔም የሐዘን ጥቁር ነጠላዬን ከአፌ ላይ ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልሁ።