ደም የሌለው ቀዳዳ

ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የጋሽ ይመር ብስክሌት መጠገኛ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወጣቱ ስማቸው፣ ጋሽ ይመር የሠሩለትን ረጅም የዓሣ ጠመንጃ በሁለት እጁ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ የመጣበትን ከተናገረ ወዲህ ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

ይመር፦ ምን አልክ? እስቲ ድገመው።

ስማቸው፦ ይቁረጡልኝ ነው ያልኩት፣ ጋሽ ይመር። ከዚህ ጋ። ከግማሹ ትንሽ ከፍ ብሎ።

ይመር፦ ከግማሹ! ምነው፣ ቤት ማገዶ አለቀ?

ስማቸው፦ ኧረ እንደሱ አይደለም።

ይመር፦ እና እንደምንድን ነው? ሰው ጠመንጃ ሲያሠራ አስረዝምልኝ ሲል ሰምቻለሁ። አሳጥርልኝ የሚል ዛሬ አንተን ሰማሁ።

ስማቸው፦ ጎማውም... ከሁለቱ አንዱን ቢያወጡልኝ። ሁለቱን ጎትቼ እስካያይዝ ትንፋሼ ያልቃል።

ይመር፦ ጎማውም! ሌላስ? ጦሩን በመርፌ ልቀይርልህ?

ስማቸው፦ ስለ ጦሩም ልነግርዎት ነበር። ጫፉ አንድ ከሚሆን እንደ ሹካ ሦስት ጣት ቢኖረው ይሻላል። ቆሮሶ ትንሽ ዓሣ ነው። በአንድ ጫፍ ይሳታል።

ይመር፦ ይሳታል? አንተ ስተህ ታውቃለህ እንዴ?

ስማቸው፦ ማለቴ... አንዳንዴ።

ይመር፦ ቅዳሜ ያመጣህልን ቆሮሶ እኮ ልክ ከጉንጩ ሥር ነው የተወጋው። እዚያች ቦታ ላይ! ሚስቴ ዘሃራ እያገላበጠች ስታየው ቆይታ፣ "ይሄ ልጅ ዓይኑ ይባረክ" ብላ ነው መጥበሻው ላይ የጣለችው። ሁለቱን ብቻዬን ነው የበላሁት።

ስማቸው፦ ይባረክ አለች?

ይመር፦ አዎ። ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ዓሣው አልበቃህም እንዴ?

ስማቸው፦ አይ... ለነገ እንዲደርስልኝ ብዬ ነው። ቢቆርጡልኝ ማታ ወርጄ እሞክረው ነበር።

ይመር፦ ነገ የውድነሽ አባት ገበየሁ ራሱ ውኃው ዳር ቆሞ ሊያይህ እየመጣ፣ አንተ ዛሬ የለመድከውን ጠመንጃ ቆርጠህ ልትጥል? ስማ ልጄ፣ እኔ ለአንተ ሽማግሌ ሆኜ እዚያ ሰውዬ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ነበር መሰለህ? "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ነው። አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ሰማይ ሲያይ የሚውል ልጅ ነው ልበለው? "ጠልቆ ዓሣ ይወጋል። ጠመንጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የወጋውንም በልቼዋለሁ" አልኩ። "እንዲያ ከሆነ በዓይኔ ልየው" አለ። ይኸው ነው። አሁን አምጣው፣ ሞርሳው ላይ ልሰረውና ምን እንደሆነ ልየው።

ስማቸው፦ ማየቱ እንኳ አያስፈልግም። ይቁረጡ ያልኩዎትን ቢቆርጡልኝ ይበቃል።

ይመር፦ አምጣው አልኩህ። አይዞህ፣ አልነክሰውም። እ... ይሄ ምንድን ነው? ጫፉን ምን በላው?

ስማቸው፦ ዝም ብሎ ነው።

ይመር፦ ፌሮ ዝም ብሎ አይደንዝም። ይሄ ድንጋይ የነካ ነው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። ይቺን የመንጠቆ ክንፍ ደግሞ እያት፤ እንዳሰርኳት ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓሣ ገብቶ ቢንፈራገጥባት ኖሮ ትላላ ነበር። ስማቸው!

ስማቸው፦ አቤት።

ይመር፦ ይሄ ጦር ዓሣ ወግቶ አያውቅም።

ስማቸው፦ አያውቅም።

ይመር፦ ቅዳሜ የበላነውን ምን ወጋው ታዲያ?

ስማቸው፦ ምስማር።

ይመር፦ ምን?

ስማቸው፦ ምስማር ነው፣ ጋሽ ይመር። ከሞተ በኋላ በምስማር ነው የበሳሁት።

ይመር፦ ያረቢ! ቆይ... ቆይ ልቀመጥ። ወላሂ ብያለሁ እኮ! ሦስት ሽማግሌ ባለበት፣ ቄሱ ጭምር ባሉበት፣ "ወላሂ ይሄ ልጅ በእጁ ሠርቶ አዳሪ ነው" ብያለሁ! ዓሣውን ከየት አመጣኸው? ሰረቅከው?

ስማቸው፦ ኧረ በእግዜር! እንዴት እሰርቃለሁ? መረበኞቹ ናቸው የሰጡኝ።

ይመር፦ መረበኛ ዝም ብሎ ዓሣ ይሰጣል?

ስማቸው፦ መረባቸው ታች ጉቶና ድንጋይ ሲይዘው ጠልቄ እፈታላቸዋለሁ። ድሮ ሲይዝባቸው እየቆረጡ ይተዉት ነበር። አሁን ይጠሩኛል። እወርዳለሁ፣ በእጄ እየዳበስኩ ከጉቶው አላቅቀዋለሁ። ሳወጣላቸው ከያዘው ላይ ያካፍሉኛል።

ይመር፦ እና ይሄ ሥራ አይደለም?

ስማቸው፦ ምኑ?

ይመር፦ ጠልቆ መረብ መፍታት! አንተ ልጅ፣ ያንን የሚችል በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ሌላ ማን አለ? ላብህን አፍስሰህ ባገኘኸው ዓሣ ላይ ማን ብሎህ ነው ምስማር የያዝከው?

ስማቸው፦ እርስዎ ነዎት።

ይመር፦ እኔ? እኔ ምስማር በእጅህ ሰጠሁህ?

ስማቸው፦ ይቅርታ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም። ግን ትዝ ይልዎታል? ጠመንጃውን በሰጡኝ ሰሞን ዓሣ አንጠልጥዬ እዚህ በር ላይ ሳልፍ ጠሩኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። "ጠመንጃዬ በላ! ጠመንጃዬ በላ!" ብለው ጮኹ። ሰውን ሁሉ ሰብስበው "የታል፣ የት ጋ ነው የወጋኸው? ቀዳዳውን አሳያቸው" አሉኝ። እኔ ደግሞ መረብ ስፈታ ያገኘሁት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፊትዎን ሳየው አቃተኝ። ዓሣውን በመዳፌ ሸፍኜ "በሆዱ በኩል ነው" ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር ይጠሩኛል።

ይመር፦ እጠራሃለሁ።

ስማቸው፦ ይጠሩኛል፣ ቀዳዳውን ያያሉ። ምን ላድርግ?

ይመር፦ "ጋሽ ይመር፣ መሣሪያዎ አልሠራም" ማለት ነዋ! አፍ አለህ አይደለም?

ስማቸው፦ እንዴት ብዬ? እርስዎ ያንን ወይራ ከአባትዎ ቤት ምሰሶ የተረፈ ነው ብለው ስንት ዘመን ቆጥ ላይ ሰቅለው ያኖሩት ነው። ለእኔ ብለው አወረዱት። ብስክሌት የሚያስጠግነውን ሰው ሁሉ ነገ ና እያሉ እየመለሱ፣ ይቺን ምላጭ ስንቴ ሞረዱልኝ? ጎማውን ከአዲስ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠው ነው ያሰሩት። አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ሲያልቅ ደግሞ ዘሃራን ጠርተው እንድታየው አደረጉ። ታዲያ እኔ በማግስቱ መጥቼ "ረዘመ" ልበልዎት?

ይመር፦ ረዘመ? ምኑ ነው የረዘመው? በስልክ አብረን አላየነውም እንዴ? እነዚያ ፈረንጆች የያዙት ከዚህም ይረዝማል!

ስማቸው፦ እሱ ባሕር ነው፣ ጋሽ ይመር። ውኃው ጠርቶ ከዚህ እስከ መስጊዱ ድረስ ያለው ሁሉ ይታያቸዋል። ዓሣውም ከሩቅ ነው የሚመጣላቸው። የኛ ሐይቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ክንዴን ዘርግቼ ጣቴን ሳየው ደስ ይለኛል። ዓሣው ሲታየኝ የጠመንጃው አፍ አልፎት ሄዷል።

ይመር፦ አልፎት?

ስማቸው፦ አልፎት። እዚህ ጎኔ ጋ ሆኖ ነው የሚያየኝ። ወደ እሱ ላዙረው ስል ርዝመቱን ውኃ ይይዘዋል። እሱ እስኪዞር ዓሣው ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል። ወይራውም ከባድ ነው። አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋብኛል። ቀጥ አድርጌ ልያዝ ስል ክንዴ ይዝላል። ተኩሼ የማገኘው ድንጋይ ነው።

ይመር፦ ዋንዛ ይሻል ነበር።

ስማቸው፦ ዋንዛ ይቀል ነበር።

ይመር፦ ዋንዛ እኮ ነበረኝ። ከወይራው ጎን ነበር። ለዓይን አያምርም ብዬ ተውኩት።

ስማቸው፦ ያምራል፣ ጋሽ ይመር። እውነቴን ነው። አንዳንዴ ታች ሆኜ ዓሣውን ትቼ ጠመንጃውን አየዋለሁ። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድበት ሰደፉ እንደ ማር ነው የሚሆነው። አንዳንዴ ደግሞ እሱንም እተወውና ዝም ብዬ እሰማለሁ። ታች ማንም ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ይመር፦ አታባብለኝ። ስንት ሰው ነው እዚህ በር ላይ አቁሜ "እዩ፣ የኔ እጅ ሥራ" ያልኩት! የብስክሌት ጎማ ከመለጠፍ ሌላ ሙያ እንዳለኝ ይወቁልኝ ብዬ እኮ ነው። ገበየሁ ቤትስ ያን ሁሉ አፌን ሞልቼ ያወራሁት ለአንተ ብዬ ብቻ ይመስልሃል? ግማሹ ለራሴ ነበር። ከግማሹም ይበልጣል።

ስማቸው፦ እንዲያ አይበሉ።

ይመር፦ በል መጋዙን አቀብለኝ። ክንድህን ዘርጋ። ከብብትህ እስከ አንጓህ ይበቃል?

ስማቸው፦ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አያስፈልግም።

ይመር፦ አንዱን ጎማ አወጣዋለሁ። ለሹካው ሦስት ቀጭን የብስክሌት ራጂ አሾልና ጦሩ ጫፍ ላይ በሽቦ እጠመጥማለሁ። ማታ ትሞክረዋለህ። ጠዋት ገበየሁ ሲመጣ አንዷን ወግተህ ብታወጣ ነገሩ አለቀ። መረበኞቹ እንደሆኑ አፋቸው ዓሣ ነው፣ አያወሩም። እኔም የማልኩት እውነት ይሆናል፣ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንም። ምን ትለኛለህ?

ስማቸው፦ እሺ... ያዝኩልዎት።

ይመር፦ ጫፉን ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ እንጂ! ወይራ ነው፣ እንዲህ ሆኖ አይቆረጥም።

ስማቸው፦ ጋሽ ይመር፣ አንዴ ይቁሙ።

ይመር፦ ገና አልጀመርኩም እኮ።

ስማቸው፦ ውድነሽ።

ይመር፦ ውድነሽ ምን ሆነች?

ስማቸው፦ በፊት ለእናቷ ብዬ ዓሣ ሰጥቻት፣ ውኃው ዳር ቁጭ ብላ ስትበልት አጠገቧ ነበርኩ። ቀዳዳውን በጣቷ ነካ አደረገችና "ይሄ ደም የለውም" አለችኝ። ከሞተ በኋላ የተበሳ አይደማም። እኔ ወደ ውኃው ዞርኩ። እሷም መበለቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ስሰጣት ቀዳዳውን አታይም። ፊቴን ነው የምታየው።

ይመር፦ ምንም አላለችህም?

ስማቸው፦ ምንም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ነገ በዚህ ጠመንጃ አንድ ብወጋ እኮ የነገው ይደማል፣ ጋሽ ይመር። አባቷ እልል ይላሉ፣ እሷ ግን ደሙን ታያለች። ያን ጊዜ የሌሎቹን ሁሉ ታውቃለች። እስካሁን ተጠራጥራ ከሆነ ነገ ታረጋግጣለች ማለት ነው። ቤት ከሠራን በኋላም ባመጣሁላት ዓሣ ቁጥር በጣቷ ስትነካው ይታየኛል።

ይመር፦ እና ምን ልትሆን ነው?

ስማቸው፦ አይቁረጡት። ዛሬውኑ ሄጄ ለአያ ገበየሁ እነግራቸዋለሁ። እሷም ትስማ።

ይመር፦ ገበየሁን አታውቀውም። ከደጅ ነው የሚመልስህ። ልጅቷንም በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ይሰጥብሃል።

ስማቸው፦ ይመልሱኝ።

ይመር፦ እኔስ? ወላሂ ያልኩትስ?

ስማቸው፦ እርስዎን አላነሳም። ጠመንጃው ግሩም ነው፣ እኔ ነኝ መውጋት ያልቻልኩት እላለሁ። ጋሽ ይመር አያውቁም፣ አታልያቸው ነው እላለሁ። ስለ ርዝመቱ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

ይመር፦ አሁንም?

ስማቸው፦ ምን አጠፋሁ?

ይመር፦ አሁንም ምስማር ያዝክ እኮ! ለእኔ ፊት ብለህ ሌላ ቀዳዳ ልትበሳ ነው። ይሄ ጠመንጃ ረዝሟል። ከብዷል። ለዚህ ውኃ አልተሠራም። በል እስቲ፣ አንተም በለው። በአፍህ በለው።

ስማቸው፦ ይተዉኝ፣ ጋሽ ይመር።

ይመር፦ በል ነው የምልህ!

ስማቸው፦ ረዝሟል።

ይመር፦ ጮክ ብለህ።

ስማቸው፦ ረዝሟል! ከብዷልም! ለዚህ ውኃ አይሆንም!

ይመር፦ እሰይ። ሞትኩ? አልሞትኩም። ትንሽ አቃጠለኝ እንጂ አልሞትኩም። ወይ ጉድ፣ ለዚች ነው ያን ሁሉ ዓሣ በምስማር ስትወጋ የከረምከው! በል ያንን በር ሳብ አድርገው።

ስማቸው፦ የት ሊሄዱ ነው? ደንበኞችዎ...

ይመር፦ ነገ ይምጡ። ገበየሁ ቤት ነው የምንሄደው። አንተ ስለ ዓሣው ትናገራለህ፣ እኔ ስለ ጠመንጃው።

ስማቸው፦ እርስዎማ በሰው ፊት እንዴት ይዋረዳሉ?

ይመር፦ የማልኩትስ በሰው ፊት አይደል?

ስማቸው፦ እሺ... ማናችን እንቅደም ታዲያ?

ይመር፦ እኔ። አንተን ከደጅ ይመልስሃል፤ እኔን ግን ቁጭ በል ሳይለኝ አይሆንለትም። አንዴ ከተቀመጥኩ ደግሞ አንተን ግባ እስኪልህ ድረስ አልነሣለትም።