ወይዘሮ አርዲስ የተራመዱበት ኮሪደር

በእኛ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይታዘንለታል። "ምን ነካው፣ መኪናው ተበላሸበት?" ይባልና የመጀመሪያው አላፊ መኪናው ላይ ያሳፍረዋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። የአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ይህ ደግነት ስንቱን ከሞት አድኗል፣ አልክድም። ግን ደግነትም ልክ ሲያልፍ ምን እንደሚያመጣ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

በየካቲት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ፖስታ ቤት ስራመድ፣ የትምህርት ቤታችን ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ኦርቪል ስቴንሩድ ፒካፓቸውን አጠገቤ አቆሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ከኋላ ደግሞ ቴሳ አለች፤ እንደኔው ከመንገድ የተለቀመች። ቴሳ የከተማችን ልጅ ናት፤ ነርስነት ተምራ ተመልሳ በወረዳው ጤና ቢሮ ትሠራለች።

"ግባ አስተማሪ፤ ይህቺ ልጅ በነገር ልትገድለኝ ነው" አሉኝ አቶ ኦርቪል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች እንደወጡ ይቆለፋል። ቴሳ ጠዋትና ማታ ተከፍቶ የከተማው ሰው በሞቀው ኮሪደር ይራመድ ትላለች። የከተማው ምክር ቤት፣ ክሊኒኩና አብያተ ክርስቲያናቱ ተስማምተዋል። የቀረው ቦርዱ ነው፤ እሱም የሚወስነው በዚያው ምሽት ነበር።

"ሰው ተንሸራቶ ቢሰበር ማን ነው የሚከሰሰው? እኛ ነን" አሉ አቶ ኦርቪል።

"አይደላችሁም፤ ኢንሹራንሱን ከተማው ሊገባ በውል ተስማምቷል።"

"ማሞቂያውስ?"

"ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ሌሊቱንም አይጠፋም፤ ባዶ ቤት ነው የምታሞቁት።"

"እሺ፣ በሩን ማን ይጠብቃል?"

"ጠዋት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ማታ ካቶሊኮቹ።"

አቶ ኦርቪል ከት ብለው ሳቁ። "እነሱ እኮ አንዱ የጠበሰውን ድንች ሌላው አይቀምስም።"

"ሁለቱን ቄሶች አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቼባቸው ነው የተስማሙት።"

"ስሚኝ ልጄ፣ አባቴ ስፖርት የሚባል ነገር ሳያውቅ ዘጠና ዓመት ኖሯል።"

"አባትዎ ላም ያልቡ፣ ድርቆሽ በመንሽ ያነሱ ነበር። እርስዎ ግን ከትራክተር ወርደው ፒካፕ ላይ ነው የሚወጡት።"

"ምላስሽ እንኳ ስፖርት አላነሰውም" አሉ፤ እኔም ሳቄን ዋጥሁ።

ቴሳ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወይዘሮ አርዲስን ልባቸውን ካመማቸው በኋላ ሐኪሙ ምን አላቸው?"

"በየቀኑ ተራመጂ አላት። የት? በረዶው ላይ? አምና ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ደግሞስ እኔ እያለሁ ምን ያራምዳታል? ከደረጃችን ሥር አንስቼ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወርዳታለሁ።"

"አይቆጡኝና አቶ ኦርቪል፣ እግራቸውን ያሰረው ይኸው ደግነትዎ ነው።"

አቶ ኦርቪል ፊታቸው ቀላ። ፖስታ ቤቱ ደረስንና መኪናው ቆመ፤ ማንም አልወረደም።

"ኦርቪል" አሉ እስከዚያ ድረስ በመስኮት ሲያዩ የቆዩት ወይዘሮ አርዲስ። "ትናንት ከመታጠቢያ ቤት እስከ አልጋዬ ለመድረስ ግድግዳ ይዤ ዐረፍኩ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ዛሬ አንተ ትሸከመኛለህ፤ አንተ ስትደክምስ? ክሱን ከሆነ የምትፈራው፣ መጀመሪያ የምወድቀው እኔ ነኝ። አልከስህም።"

አቶ ኦርቪል ሞተሩን አጥፍተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "እንዲህ መድከምሽን አላወቅሁም" አሉ። ቴሳን ለማገዝ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሳያስፈልግ ቀረ።

ያን ምሽት በቦርዱ ስብሰባ ላይ ውሉን አቶ ኦርቪል ራሳቸው አነበቡት። "ሰብሳቢ ሲለወጥ እንዳይሻር በትምህርት ቤቱ ደንብ ውስጥ ይግባ" ብለው ጨመሩበት። እጅ ሁሉ ወጣ።

ልብ በሉ፤ አንድም አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። ከተማው ኢንሹራንሱን፣ ክሊኒኩ ተራማጆቹን የምትከታተል ነርስ፣ ምእመናኑ በረኛውን፣ ትምህርት ቤቱ ኮሪደሩን አዋጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስኳር ያለባቸው ገበሬዎች ተሻላቸው፤ ሚስቱ ሞታበት ክረምቱን ቤቱን ዘግቶ የሚከርም ጎረቤቴ ከሰው ጋር መጫወት ጀመረ። ምክር ቤቱም ቀምሶ አየውና፣ ከእንግዲህ የእግረኛ መንገድ የሌለው አዲስ ጎዳና እንዳይሠራ ደነገገ። ምክር ብቻውን ሰው አያራምድም፤ የሚራመድበት ቦታና የሚያጸናው ደንብ ያሻዋል።

ወይዘሮ አርዲስ በመጀመሪያው ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ በር ድረስ ብቻ ነበር የሄዱት። በረዶው ሳይቀልጥ ግን፣ አንድ ማለዳ ተማሪዎቼ ሲገቡ፣ ያንን ረጅም ኮሪደር ያለ ማንም ድጋፍ ጨርሰው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ኦርቪል የሚስታቸውን ካፖርት ታቅፈው በግልጽ አለቀሱ፤ እኔም አልቻልኩም።

ወይዘሮ አርዲስ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ዞር አሉ። "ጭብጨባውን አቆዩት" አሉ፤ "ገና መመለሻው ይቀረኛል።"